ከአዲስ አበባ አዳማ በፍጥነት መንገዱ፦ የደርሶ መልስ ጉዞ አዘገጃጀት

መንጃ ፈቃድ በቅርቡ ያወጣ ወይም መኪና የገዛ ወዳጅ ሁሉ ይዞልኝ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቅዳሜ አዳማ ደርሼ ልመለስ ነው፣ በፍጥነት መንገዱ ስሄድ ምን ላዘጋጅ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው።

መመሪያው በአነስተኛ የቤት መኪና ጠዋት ወጥቶ ሳይመሽ ለሚመለስ ሰው ነው። መንገዱ ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየአቅጣጫው ሦስት መስመር አለው፣ መሐሉ የተከፈለ ስለሆነ ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። ማሽከርከሩ ራሱ ከመርካቶ ይቀላል። የሚያስቸግረው ከተማ ውስጥ ተደብቆ የኖረ የመኪና ችግር በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ከሥራው ግማሽ የሚበልጠው ከቤት ሳትወጡ የሚሠራ ነው።

የሚያዙ ነገሮች

- መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ጊዜው ያላለፈ ቦሎ እና የሦስተኛ ወገን መድን። መኪናው የሰው ከሆነ ባለቤቱ ያን ቀን ስልክ የሚያነሳ ይሁን።
- የሁሉም ተሳፋሪ መታወቂያ። ኬላ ላይ ሾፌሩ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው።
- ነፋስ ያለው ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ። ስኮርታ የሌለው መኪና ከሆነ ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽና በመኪናው ኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ።
- የሚያንጸባርቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፤ ቢቻል የሚያንጸባርቅ ሰደርያም።
- የጎማ ነፋስ መለኪያ። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው፣ ከሁሉም የሚጠቅመውም እሱ ነው።
- 5 ሊትር ውኃ ለራዲያተር፣ ለሰው ደግሞ ለብቻው።
- የተሞላ ስልክ ከነመኪና ቻርጀሩ፤ ቴሌብር ላይ ብር፤ በእጅም ጥቂት ዝርዝር ብር።
- ባትሪ መብራት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን።

1. መውጫችሁን አስቀድማችሁ ምረጡ

«አዳማ» ወይም «ቢሾፍቱ» ማለት ብቻውን አይበቃም። የፍጥነት መንገዱ የሚያስወጣው በተወሰኑ በሮች ነው፤ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ እያለ አዳማ ላይ ያበቃል። የምትሄዱበትን ቦታ ካርታ ላይ ፈልጋችሁ የትኛው በር እንደሚቀርበው እዩ፤ ከዚያ ከሱ በፊት ያለውን በር ስም ያዙ። ምክንያቱም መውጫ ካመለጠ ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ እስከሚቀጥለው በር ሄዶ ወጥቶ መዞር ብቻ ነው። በፊት ያለውን በር የሚያውቅ ሾፌር ግን ያንን ሲያልፍ ወደ ቀኝ መጠጋት ይጀምራል።

ሞጆ አካባቢ ሰሌዳውን በደንብ አንብቡ። ወደ መቂና ባቱ የሚወስደው ሌላ የፍጥነት መንገድ ከዚያው ነው የሚነሣው፤ ጨዋታ ላይ ሆኖ የሐዋሳን ሰሌዳ የተከተለ ሰው አዳማን ብዙ ይጠብቃታል።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት የወጣና 2 ሰዓት ተኩል ላይ የወጣ ሰው በአንድ መንገድ የሄዱ አይመስሉም። ልዩነቱ የሚፈጠረው እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው የከተማ መንገድ ነው። በመልሱም እንደዚያው፤ እሑድ ከ10 ሰዓት በኋላ ቅዳሜና እሑዱን ውጭ ያሳለፈ ሁሉ በአንድ በር ይገባል። ምሳ በልታችሁ 8 ሰዓት ላይ ከአዳማ ብትነሱ ወረፋውን ትቀድማላችሁ፣ ብርሃንም ይተርፋችኋል።

ከእነዚህ ቀናት ብትርቁ ይሻላል፦

- ኢሬቻ በሆራ አርሰዲ የሚከበርበት ቅዳሜና እሑድ፣ በመስከረም መጨረሻ አካባቢ። ቢሾፍቱ ትሞላለች፣ መንገድም ይዘጋል።
- ከታኅሣሥ 19 እና ከሐምሌ 19 በፊትና በኋላ ያሉት ቀናት። የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ የሚያልፈው በዚሁ በአዳማ በኩል ነው።

በመነሻችሁ ዋዜማ ያን ቀን ከአዳማ የመጣ ሰው ፈልጋችሁ መንገዱ እንዴት እንደዋለ ጠይቁ። የሚያድር ዕቅድ ካልሆነ በቀር ከመሸ አትነሱ።

3. ጎማ

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

*ነፋሱን ለኩ።* የምትለኩት ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። የተነዳ ጎማ ይሞቃል፣ ሲሞቅ መለኪያው ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ጎሚስታውም «በዝቷል» ብሎ ያስተነፍስላችኋል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፤ ለብዙ አነስተኛ አውቶሞቢሎች ከ30 እስከ 36 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) ነው። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ትልቁ ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው መጨረሻ እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም። አራት ሰውና ዕቃ ከጫናችሁ ልጥፉ ላይ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ተከተሉ። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ «ሙላልኝ» አትበሉ፤ ቁጥሩን ንገሩት፣ በራሳችሁ መለኪያም አረጋግጡ።

ነፋስ ያነሰው ጎማ ለምን ይፈነዳል? በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ከተማ ውስጥ በ40 ስትሄዱ የሚፈጠረው ሙቀት ለመብረድ ጊዜ ያገኛል። በ110 ለግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ ስትነዱ ግን ሙቀቱ ይጠራቀማል፣ ውስጡ ያለው ሽቦና ጨርቅ ይላቀቃል። በዚያ ላይ ወደ አዳማ በወረዳችሁ መጠን አስፋልቱም ይሞቃል።

*ዕድሜውን አንብቡ።* ጎኑ ላይ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አለ። 3519 ቢል በእ.ኤ.አ. 2019 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ያረጃል፤ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካያችሁ፣ ወይም 10 ዓመት ካለፈው፣ ለከተማ እንጂ ለዚህ መንገድ አይሆንም።

*ጥርሱን እዩ።* በጥርሱ መሐል አለፍ አለፍ ብሎ ከፍ ያለ የጎማ ድልድይ አለ። ጥርሱ ከድልድዩ እኩል ከሆነ (1.6 ሚሊ ሜትር) አልቋል። ባለቀ ጥርስ ውኃ መውጫ ስለማያገኝ ዝናብ ላይ ጎማው ይንሳፈፋል፣ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዝም። ጎኑ ላይ እብጠት ካለማ ጨርሶ አትነሱ።

*ባላንስ።* ከተማ ውስጥ ከ60 በላይ ስለማትነዱ መሪው በ90 እንደሚንቀጠቀጥ ላታውቁ ትችላላችሁ። ባላንስ (የጎማ ሚዛን) እና አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ) ካሠራችሁ ከቆየ ከጉዞው በፊት አሠሩ።

ስኮርታውንም ለኩት፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባዶ ሆኖ ነው። ቀጭን ጊዜያዊ ስኮርታ ከሆነ ደግሞ ከ80 በላይ አይነዳም፣ ላዩ ላይም ተጽፎበታል።

4. ኮፈኑን ክፈቱ

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተር ውኃና የሞተር ዘይት እዩ፤ የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ላይ ባሉት ሁለት መስመሮች መካከል ይሁን። መብራቶችንና ፍሬቻዎችን አብሩ፣ የፍሬን መብራት ሌላ ሰው ቆሞ ይይላችሁ። ፓራብሬዛውን ከውስጥም ከውጭም አጽዱ። ጠዋት ስትሄዱ ፊታችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ ዓይናችሁ ውስጥ ናት፣ ከሰዓት ስትመለሱም እንደዚያው፤ የቆሸሸ መስታወት ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ነጭ መጋረጃ ይሆናል።

ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ወይም የሚያፏጭ መኪና ካላችሁ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አዛውሩት።

5. ነዳጅ ወይም ቻርጅ

የቤንዚን መኪና ያላችሁ በዋዜማው ሙሉ። ጠዋት ማደያ ላይ ወረፋ ሊኖር ይችላል፣ መንገዱ ላይ እሞላለሁ ብሎ መግባት ደግሞ አይሆንም። ቴሌብራችሁ ላይ የነዳጅም የመንገድም ሒሳብ ይኑር።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አዳማ 1700 ገደማ ላይ። ሲሄዱ 600 ሜትር ያህል ይወርዳሉ፣ ሲመለሱ ያንኑ ይወጣሉ። ሲወርዱ ባትሪው ትንሽ ስለሚበላ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የቀረ ርቀት ያማረ ይሆናል፤ የሚያሰላው ግን በቁልቁለቱ ፍጆታ ነው። አዳማ ላይ «200 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል» ያለ መኪና ዳገቱን ሲጀምር ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል፣ ሾፌሩም ይደነግጣል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ለመውጣት ብቻ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ይፈልጋል። ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሆነ ይህ 6 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በኪሎ ሜትሩ ሳይሆን በመቶኛው አስቡ፤ ሲሄዱ የጨረሳችሁትን መቶኛ ያዙና ለመልሱ ቢያንስ በግማሽ ጨምሩበት። ሲሄዱ 25 ከጨረሰ ለመመለስ 40 ያዙ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ለቃሊቲ መጨናነቅ ትርፍ ይኑር። ከአዳማ ቻርጅ አድርጋችሁ ለመመለስ ካሰባችሁ ቦታው እንደሚሠራና ሶኬቱ ከመኪናችሁ ጋር እንደሚገጥም ሳትነሱ ደውላችሁ አረጋግጡ።

6. እስከ ቱሉ ዲምቱ

ከመሐል ከተማና ከምዕራቡ በኩል የምትመጡ በቀለበት መንገዱ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያ ወደ ቱሉ ዲምቱ። ከገርጂ፣ ከሰሚትና ከአያት አካባቢ የምትነሱ በጎሮ በኩል ያለው መንገድ በቀጥታ ቱሉ ዲምቱ ያደርሳችኋል፤ ቃሊቲን መዞር አያስፈልግም። ለዚህ ክፍል ብቻ አንድ ሰዓት መድቡ። ቶሎ ካለቀ ትርፍ ነው።

7. መግቢያው በር

ወደ በሩ ስትጠጉ መስመራችሁን ቀድማችሁ ያዙ፣ በሩ ሥር ደርሶ መስመር መቀየር የመጋጫ መንገድ ነው። ክፍያው በመኪናው ዓይነትና በሄዳችሁበት ርቀት ይሰላል። ከየት እንደገባችሁ የሚናገረው መግቢያ ላይ የምትቀበሉት ካርድ ነው፣ የሚከፈለውም መውጫ ላይ። ካርዱን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አስቀምጡት፣ ለልጅ አትስጡ። ታሪፉ ስለሚሻሻል የቀኑን ዋጋ በሩ ላይ ከተለጠፈው አንብቡ።

ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ እዚህ መንገድ ላይ አይፈቀድም። ቢሆንም አጥር አልፎ የሚሻገር ሰውና ከብት አይጠፋም፤ በተለይ መንደር ዳር ሲሆንና ሲመሽ ዓይናችሁ ከዳርና ዳሩ አይራቅ።

የመንገዱን የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር ከሰሌዳው ወይም ከካርዱ ላይ ስልካችሁ ውስጥ መዝግቡ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

8. መንገዱ ላይ

የግራው መስመር መቅደሚያ ነው። ቀድማችሁ ስትጨርሱ ወደ መሐለኛው ተመለሱ። ግራውን ይዞ በ80 የሚሄድ ሰው ከኋላው የሚመጣውን በቀኝ እንዲቀድም ያስገድደዋል፣ በቀኝ ደግሞ ሲኖትራክ አለ። ለጀማሪ መሐለኛው መስመር ይስማማዋል።

ከፍተኛው ፍጥነት 120 ነው። ይህ ጣሪያ ነው፣ መድረስ ግዴታ የለባችሁም፤ ዝቅ ያለ ቁጥር የተጻፈባቸው ቦታዎችም አሉ፣ ሰሌዳውን እዩ። 80 ኪሎ ሜትሩን በ100 ብትነዱት 48 ደቂቃ፣ በ120 ደግሞ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ለ8 ደቂቃ ብሎ ያረጀ ቪትዝን ማስጨነቅ አይገባኝም።

ርቀት እንዲህ ይለካል። ከፊት ያለው መኪና አንድ ሰሌዳ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» በሉ። ጨርሳችሁ ሳትቆጥሩ ሰሌዳው ጋ ከደረሳችሁ ቀርባችኋል። በ100 ፍጥነት መኪና በሰከንድ 28 ሜትር ይሄዳል፤ ፍሬኑን እስክትረግጡ ብቻ አንድ ሰከንድ ያልፋል። ዝናብ ካለ ቁጥሩን እጥፍ አድርጉት። ክፍተቱ ውስጥ ሌላ መኪና ይገባል፤ ይግባ፣ እናንተ እንደገና ቁጠሩ።

መስመር ስትቀይሩ ቅደም ተከተሉ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ በትከሻ ዞር ብሎ ማየት፣ ከዚያ መሪ ነው። ከኋላ በስፖኪዮ ሩቅ የሚመስለው መኪና 120 ላይ ሊሆን ይችላል።

9. ነፋስ፣ ዝናብ፣ ጉም

ወደ አዳማ ስትጠጉ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹን ታያላችሁ። እዚያ የተተከሉት ነፋስ ስላለ ነው፤ ስታዩአቸው ሁለት እጃችሁን መሪ ላይ አድርጉ፣ ፍጥነት ቀንሱ። አደገኛው ቅጽበት ትልቅ መኪና ቀድማችሁ የምትወጡበት ነው። አጠገቡ ሳላችሁ ነፋሱን ይከልልላችኋል፣ ከፊቱ ስትወጡ ድንገት ይመታችኋል። ጣሪያ ላይ ዕቃ የጫነና ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና ይበልጥ ይገፋል።

በክረምት ጠዋት ጉም ሲያጋጥማችሁ ዝቅተኛውን መብራት አብሩ። ረጅሙ ጉሙን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ያበራዋል። እየነዱ አራቱንም ፍሬቻ ማብራት የተለመደ ነው፣ ግን ከኋላ ያለው ቆማችሁ ይሁን እየሄዳችሁ አይለይም፣ መስመር ስትቀይሩም ምልክት የላችሁም። አራቱ ፍሬቻ ለቆመ መኪና ነው። ፊታችሁ ካልታያችሁ በሚቀጥለው በር ውጡ፣ ሻይ ጠጡ።

10. ጎማ ቢፈነዳ ወይም መኪናው ቢበላሽ

1. መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ያዙ። ፍሬን አትርገጡ፤ መኪናው ወደ ፈነዳው ጎን እየተሳበ ስለሆነ ፍሬን ሊገለብጠው ይችላል።
2. እግራችሁን ከነዳጁ ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ መኪናው በራሱ ይቀንስ።
3. ፍሬቻ አብርታችሁ ቀስ በቀስ ወደ ቀኙ ዳር ውጡ። ቸርኬው ቢበላሽም ሜዳ ቦታ እስክትደርሱ መንዳት ይሻላል።
4. አራቱንም ፍሬቻ አብሩ። ሰው ሁሉ በቀኝ በር ይውጣና ከብረት አጥሩ ወዲያ ይቁም። መኪናው ውስጥ የሚቀር ሰው አይኑር።
5. ሦስት ማዕዘኑን 100 ሜትር ያህል ወደ ኋላ አስቀምጡ፤ ስትሄዱ ከአጥሩ ወዲያ ሆናችሁ ነው።
6. ወደ መንገዱ ድንገተኛ ቁጥር ደውሉ። የተበላሸው በትራፊኩ በኩል ያለው የግራ ጎማ ከሆነ ራሳችሁ ለመቀየር አትጎንበሱ።

ድንጋይና ቅጠል መደርደር ለዚህ መንገድ አይሆንም። በ100 ለሚመጣ ሰው ቅጠሉ የሚታየው ዘግይቶ ነው፣ ድንጋዩ ደግሞ ሳይነሣ ይቀርና ለሌላው አደጋ ይሆናል። ዳር ላይ ለፎቶ፣ ለስልክ፣ ወይም ልጅ ሽንት ስለያዘው መቆምም ክልክል ነው፤ ለዚያ በር አለ።

11. መውጣትና ከተማ መግባት

በሩን አልፋችሁ ስትወጡ የፍጥነት መለኪያውን ተመልከቱ። ዓይን 100ን ስለለመደ 60 መኪናው የቆመ ያህል ቀርፋፋ ይመስላል፣ አዳማና ቢሾፍቱ መግቢያ ላይ ግን ባጃጅ ሳያይ ይታጠፋል። ስትቆሙ ጎማዎቹን በእጅ ዳስሱ። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ካለ ነፋሱ እየወጣ ነው ወይም ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል፤ ሳታሳዩ አትመለሱ።

12. መልሱ

ሲወርድ ያልታወቀው ጉዞ ሲመለስ ዳገት ነው። ያረጀ መኪና የሙቀት መለኪያ ከመሐል ካለፈ ኤር ኮንዲሽነሩን አጥፉ፣ ማሞቂያውን ወደ ከፍተኛው አድርጉ (ይሞቃችኋል፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይስባል)፣ ፍጥነት ቀንሱ። ሙቀቱ መጨመሩን ከቀጠለ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን በሙቁ አትክፈቱ፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በሚፈላው ላይ የተከፈተ ክዳን ፊት ያቃጥላል።

ቁርጥና ቢራ የታቀደበት ምሳ ከሆነ የሚነዳው ሰው ከመነሻው ይለይ፣ ምሳው ካለቀ በኋላ አይሆንም። ከከበደ ምግብ በኋላ የሚመጣ እንቅልፍም አለ። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ያባብላል፤ ዓይን ከከበደ ሳትነሱ 20 ደቂቃ ተኙ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- መውጫ ካመለጠ በኋላ ዳር ይዞ ወደ ኋላ መንዳት። ቀጣዩ በር ላይ የሚጨመረው ክፍያ ጥቂት ነው።
- ጎማ «በዓይን» ማየት። በዓይን ሙሉ የሚመስል ጎማ 10 ፒኤስአይ ሊጎድለው ይችላል።
- ሕፃን እናት ጭን ላይ አድርጎ ከፊት ማስቀመጥ። ልጅ ከኋላ፣ በራሱ ቀበቶ ወይም ወንበር፤ ከኋላ የተቀመጡ አዋቂዎችም ይታሰሩ።
- ካርታውን እየነዱ መክፈት። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ሥራው እሱ ይሁን።
- በመልስ ቱሉ ዲምቱ ላይ በልማድ ቃሊቲን መያዝ። ቤታችሁ በጎሮ በኩል ከሆነ በሩን ሳታልፉ የትኛውን መስመር እንደምትይዙ ወስኑ።